የዕቅድ ውይይት፦ በአባላት ለተነደፉ የማይክሮኮንትሮለር ቦርዶች የጋራ የብልሽት መመርመሪያ ክፍል

ሰብሳቢ፦
የተከበራችሁ አባላት፤ ለሥራ አመራሩ የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ እዚህ ተወያይተን እንድናረቅቅ ነው። የመነሻው ረቂቅ የሙቀት ካሜራና የሙቅ አየር መበየጃ እንዲገዛ ይጠይቃል። እኔ ግን ከግዢው በፊት አንድ ጥያቄ ቢመለስ እወዳለሁ፤ ራሳችን የነደፍነው የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ (ሥራውን አንድ ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ የሚመራለት ሰሌዳ) አልነሣ ሲል በምን ቅደም ተከተል ነው የምንመረምረው? ብዙዎቻችን ቀድመን የምንጠረጥረው ዋናውን ቺፕ ነው። ቺፑ ይነቀላል፣ አዲስ ይበየዳል፣ ቦርዱ ግን እንደነበረው ይቀራል፤ አንዳንዴም በመንቀሉ ሂደት የመዳብ መስመሩ ይላጣል።

የጥገና ንዑስ ኮሚቴ አባል፦
ሰብሳቢያችን ያነሡት ጥያቄ የሐሳቡ ዋና አካል እንዲሆን እጠይቃለሁ። በእኔ እምነት የመጀመሪያው ሥራ ቦርዱ ኃይል ሳይሰጠው ለቺፖቹ ኃይል በሚያደርሰው የ3.3 ቮልት መስመርና በግራውንዱ (በኤሌክትሪኩ መመለሻ መስመር) መካከል ያለውን ሬዚስታንስ፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለውን ተቃውሞ፣ መለካት ነው። ይህ ቁጥር እንደ ንድፉ ስለሚለያይ ብቻውን ብዙ አይነግረንም፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ንድፍ አንድ በትክክል የሚሠራ ቦርድ ለማነጻጸሪያ በክፍሉ ይቀመጥ። ሾርት፣ ማለትም ሁለቱ መስመሮች በማይገባ መንገድ ተገናኝተው፣ ከተገኘ የአምፔር ገደብ ያለው ፓወር ሰፕላይ ወደ 1 ቮልት ዝቅ ተደርጎ በዚያው መስመር ላይ ይሰጣል፤ ከመስመሩ መደበኛ ቮልቴጅ በታች በመሆኑ ጤነኞቹ ቺፖች አይጎዱም፣ ሾርት ያደረገው አካል ግን ይሞቃል። በላዩ በስሱ የተቀባ አይሶፕሮፒል አልኮል ቀድሞ የሚደርቀውም በሞቀው ቦታ ላይ ነው። አልኮሉ በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ ይህ ሥራ ከመበየጃው ርቆ፣ አየር በሚገባበት ቦታ መሠራት አለበት፤ ይህን በማስጠንቀቂያነት ብቻ ሳይሆን በደንብ መልክ እንድናሰፍረው አጥብቄ አሳስባለሁ።

በዚህ መንገድ ሲፈለግ በተደጋጋሚ የሚገኘው በብሎን ቀዳዳ ወይም በቦርዱ ጠርዝ አጠገብ ያለ ሴራሚክ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያጠራቅም ትንሽ አካል) ነው። ቦርዱ ሲጣመም ካፓሲተሩ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ከውጭ ላይታይ ይችላል። ስለሆነም ካሜራው ቆይቶ፣ በቅድሚያ ጥሩ ፓወር ሰፕላይና አስተማማኝ መልቲሜትር እንዲገዛ ሐሳብ አቀርባለሁ።

የንድፍ ቡድን አባል፦
በቅደም ተከተሉ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሐሳባችን “የተበላሸ አካል” በሚለው ብቻ ከተወሰነ ከችግሩ ግማሹን ይስታል ብዬ እሰጋለሁ። ለምሳሌ ኢኤስፒ32 የተባለው ዋይፋይ ያለው ማይክሮኮንትሮለር የተገጠመለት ቦርድ ዋይፋይ በተከፈተ ቁጥር ራሱን መልሶ የሚያስነሣ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ቺፑ ነው። ነገር ግን ሲሞላ 4.2 ቮልት በሚደርስ ሊቲየም ባትሪ የሚሠራና ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር (ቮልቴጁን ዝቅ አድርጎ ቋሚ የሚያደርግ አካል) የተገጠመለት ቦርድ ከሆነ፣ ሬጉሌተሩ በከፍተኛ ጭነት ጊዜ ከሚያወጣው በላይ 1.1 ቮልት ያህል ትርፍ ስለሚፈልግ፣ ባትሪው ሙሉ ቢሆንም እንኳ 3.3 ቮልቱን ጠብቆ ማቆየት አይችልም። እዚያ ላይ ቺፕ መቀየር የአባሉን ገንዘብ ማባከን ነው። እንዲሁም በ3.3 ቮልት ፍላሽ (ፕሮግራሙ በሚቀመጥበት ማህደረ ትውስታ) የሚሠራ ኢኤስፒ32 በሚነሣበት ቅጽበት ጂፒአይኦ12 የተባለው እግሩ ከፍ ባለ ቮልቴጅ ላይ ከተገኘ፣ ለፍላሹ 1.8 ቮልት ስለሚመርጥ ቦርዱ አይነሣም፤ ሁሉም አካል ጤነኛ ነው፣ የተሳሳተው በንድፉ ከዚያ እግር ጋር የተገናኘው መስመር ነው። ስለዚህ በምርመራ ቅጹ ላይ የአካል ብልሽት፣ የብየዳ ጉድለትና የንድፍ ስሕተት ተለይተው ይመዝገቡ።

የግዢ ኮሚቴ አባል፦
አራተኛ መደብ እንዲጨመር እጠይቃለሁ፤ ይኸውም የተገዛው ቺፕ ማንነት ነው። ኤስቲኤም32ኤፍ103 የሚል የታወቀ ማይክሮኮንትሮለር ስም ታትሞባቸው በሌላ አምራች የተሠሩ ቺፖች በገበያ አሉ፤ ፕሮግራመሩ (ፕሮግራም ወደ ቺፑ የሚጭነው መሣሪያ) ከቺፑ የሚያነበው መለያ ቁጥር ከሚጠብቀው ስለሚለይ አልቀበልም ይላል፣ አባሉም ቺፑ የተቃጠለ ይመስለዋል። ከየት እንደተገዛና የእሽጉ ቁጥር ካልተመዘገበ ይህን ወደ ኋላ ሄዶ ማጣራት አይቻልም።

ካሜራውን በተመለከተ ግን ጨርሶ እንዲሰረዝ አልደግፍም። ብዙ ካፓሲተሮች ተቀራርበው በተበየዱበትና የሚፈጠረው ሙቀት አነስተኛ በሆነበት ቦርድ ላይ አልኮሉ ቦታውን ለይቶ ላያሳይ ይችላል።

የጥገና ንዑስ ኮሚቴ አባል፦
ይህ ተገቢ ነው። አልኮሉ ያልፈታቸው ጉዳዮች በመዝገቡ ከታዩ ካሜራው በሁለተኛው ዙር ይገዛ፤ ማስረጃው ከራሳችን ሥራ የመጣ ስለሚሆን ለሥራ አመራሩም ለማስረዳት ይቀለናል።

ጸሐፊ፦
እስካሁን ከተባለው ተነሥቼ አንቀጹን እንደሚከተለው አስተካክዬዋለሁ፤ “ክፍሉ በመጀመሪያው ዙር የአምፔር ገደብ ያለው ፓወር ሰፕላይ፣ መልቲሜትርና የሙቅ አየር መበየጃ ይኖረዋል። ማንኛውም ቺፕ ከመነቀሉ በፊት የሬዚስታንስ፣ የቮልቴጅ፣ የሪሴት እግር (ቺፑን እንደገና የሚያስነሣው) እና የክሪስታል (ለቺፑ የጊዜ ምት የሚሰጠው አካል) ምርመራ ተደርጎ ውጤቱ በቅጹ ላይ ይሰፍራል። ቅጹ አራቱን መደቦች ለይቶ ይይዛል፤ የሙቀት ካሜራ ግዢም በመዝገቡ ላይ ተመሥርቶ ይወሰናል።” የንድፍ ቡድኑ ቅጹን፣ የግዢ ኮሚቴው የዋጋ ማቅረቢያውን አዘጋጅተው ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት እዚህ ያስፍሩልን።