ባለ ሦስት መሳቢያ መደርደሪያ፦ ማንሸራተቻው የብረት ይሁን የእንጨት?

የሰኞ ገበያዋ ሰፊ
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ክሩ፣ አዝራሩና ዚፑ በየካርቶኑ ተበትኖ አላሠራ ስላለኝ ከላይ ክፍት መደርደሪያ፣ ከታች ሦስት መሳቢያ ያለው ትንሽ ዕቃ በራሴ እጅ ልሠራ ነው። ወርዱ 60፣ ቁመቱ 90፣ ጥልቀቱ 35 ሴንቲ ሜትር። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የዋንዛ ጣውላ ከኮምቦልቻ አስመጥቻለሁ፤ መጋዝ፣ መሮና መላጊያ አጎቴ ያውሰኛል። ለመሳቢያው ምን ያህል ክፍተት ልተው? የጎረቤቴ ኮመዲኖ በበጋ ደህና ነው፤ ሐምሌ ሲገባ ግን ሁለት ሰው ካልጎተተው አይከፈትም። የእኔም እንዲህ እንዳይሆን ሰግቻለሁ።

የፒያሳው
ዋንዛውን ሽጪና ሁሉንም በኮምፔንሳቶ ሥሪው። አያብጥም፣ ትገላገያለሽ።

አሮጌው አናጺ
ልጄ፣ ዋንዛ ይዞ መሸጥ ምን የሚሉት ምክር ነው! ኮምፔንሳቶው ለመሳቢያው ወለል ይሁን።

እንጨት እርጥበት ሲጠጣ የሚያብጠው ወደ ወርዱ ነው፤ በርዝመቱ አያድግም ማለት ይቻላል። የመሳቢያ ጣውላ አግድም ስለሚተኛ ክረምት ሲመጣ የሚጨምረው ቁመቱ ነው። ስለዚህ ግራና ቀኙ 1፣ 1 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል፤ ከላይ ግን ለ15 ሴንቲ ሜትር ቁመት 3 ሚሊ ሜትር ተዪለት። ብዙ ሰው ጎኑን አስፍቶ ላዩን ያጣብቃል፤ እንዲህ ያለው መሳቢያ በበጋ ይንገዋለላል፣ በክረምት ይነክሳል።

ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ የደረቀ ጣውላ ደሴ ሲወጣ ውሃ መጠጣቱ አይቀርም። ሳትቆርጪው በየመካከሉ ቅንጣቢ እንጨት እያስገባሽ ቤት ውስጥ ደርድሪውና ጥቂት ሳምንታት ይቆይ።

ማንሸራተቻው የእንጨት ከሆነ ከጎኑ ጣውላ ጋር ከዳር እስከ ዳር በኮላ እንዳታጣብቂው። ጎኑ ወደ ጥልቀቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ማንሸራተቻው አብሮት ስለማይሄድ መጨረሻው መሰንጠቅ ነው። ከፊት በአንድ ብሎን አጥብቀሽ ያዢው፤ የኋላውን ቀዳዳ ሞላላ አድርጊውና ብሎኑ ወዲያ ወዲህ ይበልበት። የሚፋተገውን ቦታ ሻማ ቀቢው እንጂ ቫርኒሽ አታስነኪው።

ከቧንቧ ውሃ
ጋሼ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ እኔ ግን መቀስና የብረት ካውያ የሚሸከም መሳቢያ በብረት ማንሸራተቻ ነው የምመርጠው። ብዙዎቹ በየጎኑ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋሉ። የውስጥ ወርድሽ 56 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን መሳቢያው ከውጭ ሲለካ 53.4 ይሁን። መጀመሪያ ብረቱን ገዝተሽ በእጅሽ ለኪው፣ ከዚያ ቁረጪ።

የሰኞ ገበያዋ ሰፊ
እግዜር ይስጥልኝ። ከታች ላለው ትልቁ መሳቢያ ብረት፣ ለሁለቱ ለአዝራርና ለክር እንጨት አደርጋለሁ። ጋሼ፣ የመሳቢያውን ወለል ከታች በምስማር ልምታው?

አሮጌው አናጺ
አይሆንም፤ ክብደት ሲበዛበት ምስማሩን ነቅሎ ይወርዳል። በአራቱም ጣውላ ከታች 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለሽ ቦይ አውጪና 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ አስገቢበት። እንደገጣጠምሽው ሁለቱን ሰያፍ (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ) ለኪ፤ እኩል ካልሆኑ ኮላው ሳይደርቅ አስተካክይው።