ለትንፋሽ ክፍል የተጻፈ ቅንብር ለመጫወት ምን ያህል ኖታ ማወቅ ይበቃል?

ባለ_አልቶ
ለትራምፔት፣ ለአልቶና ለቴነር ሳክስፎን፣ ለትሮምቦን የተጻፈ ቅንብር አለ፤ ቅኝቱ ትዝታ ሜጀር፣ ምቱ ችክችካ፣ 6 በ8 (በየባሩ፣ ማለትም በየምት ክፍሉ፣ ስድስት ስምንተኛ ኖታ)። ከአራቱ ሁለቱ የለመዱት በጆሮ ነው፣ ኖታ የሚያነቡት ጣት እየቆጠሩ። 3 ሳምንት ይበቃል ወይስ ቅንብሩ ይቅለል?

ጆሮና_ኖታ
ጣቱ የፈጠነ ሁሉ ከሰው ጋር መጫወት ይችላል ማለት አይደለም። አይተውት የማያውቁትን 8 ባር ስጧቸው፤ ሜትሮኖሙ (ምት ቆጣሪው) ነጥብ ያለው ሩብ ኖታ (ሦስት ስምንተኛ) በደቂቃ 60 ላይ ይሁን። ሲሳሳት ቆሞ የሚያርም ገና ነው። የሳተውን ትቶ የሚቀጥለው ባር «አንድ» ላይ የሚገኝ ግን ጥቂት ኖታ ቢዘልም ይበቃል።

ሌላው እረፍት መቁጠር ነው። በጆሮ የለመደ ሰው 12 ባር እረፍት ሲያይ አይቆጥርም፣ ዘፋኙን ጠብቆ ነው የሚገባው። ዘፋኙ አንድ ስንኝ የደገመ ዕለት ጉድ ይፈላል። ከመግቢያው 2 ባር በፊት ያለውን ግጥም ኖታው ላይ በእርሳስ ጻፉለት።

ስድስት_በስምንት
ችክችካ ላይ ሁሌም የሚበላሸው ከባሩ ስድስት ስምንተኛ ኖታዎች የመጨረሻዋ፣ ስድስተኛዋ ላይ ተነስቶ በማሰሪያ (ሁለት ኖታ አያይዞ እንደ አንድ በሚያስነፋው ቅስት) ወደሚቀጥለው ባር የሚሻገረው ድምፅ ነው። «አንድ»ን የሚጠብቅ ሰው ይዘገያል፤ ሦስቱ መትተው አራተኛው ሲከተል የገደል ማሚቶ ይመስላል። መሣሪያውን አስቀምጡና በእግር አንደኛዋንና አራተኛዋን እየረገጣችሁ ስድስተኛዋን ብቻ አጨብጭቡ። በየልምምዱ መጀመሪያ 10 ደቂቃ።

ባለ_አልቶ
የረሳሁት፦ ዘፋኙ የቅኝቱ መነሻ ድምፅ ኢ ላይ ይሁን ብሏል። ጊታሪስቱም ደስ ብሎታል።

ጆሮና_ኖታ
ይደሰታላ፣ የሚነፋው እሱ አይደለም! በሉ ልጆቹን አትውቀሱ። አልቶ፣ ቴነርና ትራምፔት የሚያነቡት ኖታ ከሚሰማው ድምፅ ይለያል። ኢ ላይ ያለ ትዝታ ሜጀር ለአልቶ ሲጻፍ ሲ ሻርፕ (ከሲ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ)፣ ዲ ሻርፕ፣ ኢ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ ሻርፕ ይሆናል፤ አምስቱም ሻርፕ። ትራምፔትና ቴነርም ከኤፍ ሻርፕ ተነስተው አምስቱም ሻርፕ ናቸው። በግማሽ ድምፅ ወደ ኢ ፍላት አውርዱት፦ አልቶው ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፤ ትራምፔቱና ቴነሩ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ዲ። ሻርፕም ፍላትም የለ። ትሮምቦኑ የሚሰማውን ድምፅ እንዳለ ስለሚያነብ ለእሱ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ነው፤ የለመደው ሰፈር።

ስድስት_በስምንት
ጊታሪስቱ ስድስቱንም ክር ግማሽ ድምፅ ያላላ፤ የለመደውን የኢ አያያዝ ሳይቀይር ይጫወታል። ቤዙም እንደዚሁ። ኪቦርዱ ትራንስፖዝ (ድምፁን ሁሉ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ) አለው።