ከብት የለቀቀው ተራራ ቁጥቋጦ ሲወርሰው ይተው ወይስ ይመንጠር?

ጠያቂው፦ ሰላም ቤተሰብ። በአልፕስ ተራሮች ሰው ብዙ የግጦሽ መሬት ትቶ ወርዷል። ቁልቁለቱ ለማሽን አይመችም፣ ወጣቱም ከተማ ገብቷል። ከብት የለቀቀውን ሁሉ ቁጥቋጦ እየወረሰው ነው። እኔ ይተው ባይ ነኝ። ተፈጥሮ የራሷን ብትወስድ ምን ችግር አለው?

የዕፅዋት ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ለዘመናት ሲጋጥ የኖረ መስክ ላይ ተንበርከክና አንድ ካሬ ሜትር ብቻ ቁጠር። ከ30 በላይ የዕፅዋት ዝርያ ልታገኝ ትችላለህ። ከብቱ ጉልበተኛውን ሣር እየቀነጠሰ ለደካማው ብርሃን ይከፍትለታላ! አሁን ደግሞ በስዊስ አልፕስ የሚስፋፋውን አረንጓዴ አልደር የተባለ ቁጥቋጦ እይ። ሥሩ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ይይዙለታል፤ አፈሩን ያዳብራል። ጥሩ ነገር ይመስላል። ግን የተራራ አበቦች የለመዱት ድሃ አፈር ነው። ቁጥቋጦው ሥር ብትገባ ጨለማና እርጥበት ነው፤ የምታገኘውም ቅጠለ ሰፊ የሆኑ ጥቂት ተክሎችን ነው። የተረፈው ናይትሮጅን ናይትሬት ሆኖ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ጫካ ይሆናል ብለህ እንዳትጠብቅ፤ የጥድ ችግኝ እንኳ በዚያ ጥላ ሥር መብቀል ያቅተዋል።

ወፍ ተመልካቿ፦ ቁጥቋጦን ግን እንዲህ አታጥላላው። ጀርባው ቀላ ያለ ሽራይክ የሚባል አዳኝ ወፍ አለ። ጎጆውን የሚሠራው እሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ያደነውን ጢንዚዛም እሾህ ላይ ይሰካል። የሚያድነው ግን ገላጣ ሣር ላይ ነው። ሁለቱም ያስፈልጉታል፤ አንዱ ሌላውን ሲውጠው ወፉ ይሄዳል።

ጠያቂው፦ ታዲያ ቦታውን አጥሮ መጠበቅ አይበቃም?

የዕፅዋት ባለሙያ፦ አይበቃም። ተራራ ባይሆንም የብሪታንያን ትልቁን ሰማያዊ ቢራቢሮ ልንገርህ። እንቁላሏን ጦስኝ ላይ ትጥላለች። አባጨጓሬው መሬት ሲወርድ አንድ ዓይነት ቀይ ጉንዳን የራሱ ልጅ መስሎት ጎጆው ያስገባዋል። ጉንዳኑ ደግሞ የሚኖረው ፀሐይ በሚያሞቀው አጭር ሣር ሥር ብቻ ነው። ግጦሽ ሲቀር ሣሩ ረዘመ፣ መሬቱ ቀዘቀዘ፣ ጉንዳኑ ጠፋ። ቢራቢሮዋም በ1979 እ.ኤ.አ. ከአገሪቱ ጠፋች። የተመለሰችው ከስዊድን አምጥተው፣ ግጦሹን አስተካክለው ነው።

እረኛ የነበረው፦ ይመንጠር ለምትሉም አንድ ነገር ልበል። አልደር አንዴ ቢቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ፍየልና ኤንጋዲን የተባለው የስዊስ በግ ዝርያ ግን ቅርፊቱን ልጠው ያደርቁታል። ይህም ቢሆን እረኛ ይፈልጋል። ዝም ብለህ ከለቀቅካቸው የሚጥማቸውን ሣር ግጠው ያልፋሉ። ለእረኛው የሚከፍል ከሌለ ይህ ሁሉ ክርክር ወሬ ነው።

ጠያቂው፦ የጦስኙ ነገር ገባኝ። ቁጥቋጦው ከሰው ቁመት በላይ የሆነበትን መስክስ? እሱንም ወደ ግጦሽ እንመልሰው?

የዕፅዋት ባለሙያ፦ የለም፣ እሱ ይቆይ። ያለን ጉልበትና ገንዘብ ቁጥቋጦው ገና ከጉልበት በታች ወዳለበት ይሂድ። አበቦቹ እዚያ አሁንም አሉ።