ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን ከነጥርጣሬው እናስተምር ወይስ እንተወው?

መምህር ከደብረ ብርሃን (የክርክሩ መነሻ)

ለአሥራ አንድ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሳስተምር ዘርዓ ያዕቆብን የማስተዋውቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ አክሱም አጠገብ የተወለደ፣ «ሐተታ» የተባለውን መጽሐፍ የጻፈ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ፈላስፋ። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ መጽሐፉን የጻፈው ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ክርክሩን ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን «የቅኝ ገዢዎች ወሬ ነው» ብዬ አለፍኩት። ልጁ ተቀመጠ። ዓመቱ እስኪያልቅ ድረስ እጁን ደግሞ አላወጣም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕሊናዬ አላረፈም። ሐተታው ሰዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ እንደሚቀበሉ አጥብቆ የሚወቅስ መጽሐፍ ነው። እኔ ደግሞ ያንኑ መጽሐፍ እያስተማርኩ መርማሪውን ልጅ ዝም አሰኘሁት።

ጉዳዩን ለማያውቅ ባጭሩ ልናገር። የመጽሐፉ ባለታሪክ ቅኔና ትርጓሜ የተማረ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉበት ዘመን ተከሶ ሸሸ፤ ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀመጠ። ኋላም እንፍራዝ ሄዶ እየጻፈና እያስተማረ ኖረ፤ ሐሳቡንም በስተርጅናው በግዕዝ ጻፈው። ይህ መጽሐፉ ስለ ራሱ የሚናገረው ነው። ለአውሮፓ የደረሰው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቤጌምድር ይኖር በነበረው ጣሊያናዊ የካፑቺን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ሚስዮናዊ፣ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል ነው፤ ጽሑፉን ፓሪስ ለነበሩት ለብራና ሰብሳቢው ለአንቷን ዳባዲ ላከላቸው። እ.ኤ.አ. በ1920 ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ «ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው» አሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላባራም።

እኔ ከዘንድሮ ጀምሮ ትምህርቱን ጨርሼ ትቼዋለሁ። እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ማስተማር የለብኝም ብዬ ነው። ልክ ነኝ? ስትመልሱልኝ ግን አንድ ነገር ጨምሩልኝ፦ እናንተን ከያዛችሁት አቋም የሚያናውጣችሁ ምን ዓይነት ማስረጃ ነው?

የሕግ ባለሙያ ከአዲስ አበባ

መምህር፣ ይህን ሳነብ አዘንኩ። ኮንቲ ሮሲኒ ማን እንደነበሩ ለተማሪው ነግረውታል? በኤርትራ የጣሊያን ቅኝ አስተዳደር ውስጥ ያገለገሉ ባለሥልጣን ነበሩ። አፍሪካዊ ይህን ያህል ሊያስብ አይችልም በሚባልበት ዘመን የተሰነዘረ ጥርጣሬ ከዘመኑ ንቀት ሊነጠል አይችልም። ስንት ዓመት ሙሉ ያለንን ሁሉ «ከሌላ የመጣ ነው» ሲሉን ኖረናል! አሁን ደግሞ በገዛ እጃችን፣ በገዛ ክፍላችን ውስጥ ልንሰጣቸው ነው?

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ ነበር። ሰው በአቋሙ ይጸናል። ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ የሚል መምህር በተማሪው ፊት ወላዋይ ነው። ስለ ማስረጃ ለጠየቁኝ፣ እኔን የሚያስቀይረኝ ማስረጃ የለም። ይህን ስጽፍ አላፍርበትም።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ ቁጣህን እረዳዋለሁ። እኔም ባሕር ተሻግሬ የምኖር ሰው ነኝ፤ «እናንተ ፈላስፋ አላችሁ ወይ?» ተብዬ ስጠየቅ መጀመሪያ የምጠራው ስም ይህ ነበር። ዛሬ ግን ወደ ጥርጣሬው አደላለሁ። ምክንያቴን ልንገርህ።

የሚታወቁት የእጅ ጽሑፍ ቅጂዎች ሁለት ብቻ ናቸው። ሁለቱም ፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በዳባዲ ስብስብ ቁጥር 215 እና 234 ሆነው ተቀምጠዋል። ሁለቱም የመጡት በጁስቶ በኩል ነው። ከእርሱ በፊት መጽሐፉን የጠቀሰ ወይም የገለበጠ ሰው አልተገኘም። አባ ተክለ ሃይማኖት የተባሉ ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ ካህን ደግሞ ጁስቶ ከሃይማኖት ያፈነገጠ መጽሐፍ እንደጻፈ መስክረዋል፤ ይህን የተናገሩት የቅኝ አስተዳደር ሹም አይደሉም። የጁስቶ የልደት ስምም ያኮፖ ነው፤ ያኮፖ ማለት ያዕቆብ ነው። አንዱን ብቻ ብትወስደው አጋጣሚ ልትለው ትችላለህ። ሁሉንም አብረህ ስታየው ግን ዓይንህን ልትጨፍንበት አትችልም።

መምህር ለጠየቁት መልሴ ግልጽ ነው። ጁስቶ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት የተጻፈ አንድ ቅጂ፣ ወይም በሌላ ጥንታዊ ብራና ኅዳግ ላይ ከሐተታው የተወሰደ አንድ መስመር ከተገኘ ተሳስቼ ነበር ብዬ በዚሁ ቦታ እጽፋለሁ። እንዲገኝም ከልቤ እመኛለሁ።

የቅኔ ተማሪ የነበረ ከጎንደር

እህቴ፣ ቅጂ አለመገኘቱን እንደ ማስረጃ ስታቀርቢ አንድ ነገር ዘለልሽ። አንድ ሊቅ ከሃይማኖቱ ሥርዓት የወጣ ጽሑፍ ጽፎ ለማን ያስገለብጣል? መጽሐፉ ጾምን ይነቅፋል፤ ምንኩስናን ይነቅፋል፤ የሙሴን ሕግ ይነቅፋል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በየደብሩ ይባዛል ብሎ መጠበቅ አገሩን አለማወቅ ነው። የቅጂ ማነስ ለሁለቱም ወገን ይመቻል፤ ስለዚህ ለማንም አይመሰክርም።

እኔ የማየው ውስጡን ነው። ባለታሪኩ በአክሱም አራት ዓመት ሲያስተምር ፈረንጆች (ካቶሊኮቹ) እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያን (ኦርቶዶክሶቹ) እንዲህ ይላሉ እያለ ሁለቱንም ያቀርብ ነበር፤ ይህ መልካም ነው ያ ክፉ ነው ብሎ አይፈርድም። ስለዚህ ፈረንጆቹ ግብጻዊ ነው ብለው ጠሉት፤ ሌሎቹም ፈረንጅ ነው ብለው ጠሉት። ይህን ሳነብ የትርጓሜ ቤት ሽታ ይሸተኛል። አንድምታ ስንማር መምህራችን አንዱን ቃል ይዘው «አንድም» ብለው አንዱን ፍቺ፣ ደግመው «አንድም» ብለው ሌላውን ያወርዱልን ነበር። የሚቃረኑ ፍቺዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ ሌላውን አያባርረውም። ልጁ ሁሉንም ተሸክሞ ያድጋል።

ለዚህ ነው ከወንድሜ ከሕግ ባለሙያው ጋር የማልስማማው። ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ አብረን ነን። ነገር ግን ለልጆች ሁለት ሐሳብ ጎን ለጎን መስጠት ከፈረንጅ የተቀዳ ልማድ አይደለም። በቅኔ ቤትም ሌሊት ያሰብነውን ቅኔ ጠዋት ለመምህሩ እንነግር ነበር። መምህሩ ይሰብረዋል፤ እንደገና እንሠራዋለን። ትናንት የተነገረን ቅኔ ዛሬ ማረም ነውር ቢሆን ኖሮ አንድም ባለቅኔ ባልወጣ ነበር።

ሌላም ልጨምር። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የግዕዝ ብራናዎችን ሲመረምሩ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሊቅ ነበሩ። ለረጅም ጊዜ ከተጠራጣሪዎቹ ወገን ቆመው ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ሐሳባቸውን ቀይረው የጽሑፉ ባለቤት ኢትዮጵያዊ ነው አሉ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። ስማቸውን አስከብረው የኖሩበትን ሐሳብ በዚያ ዕድሜ መለወጥ መወላወል ነው የሚል ሰው ካለ ያስረዳኝ።

የሕግ ባለሙያ ከአዲስ አበባ

ፕሮፌሰር ጌታቸው ወደ እውነቱ መጡ። ያ ሌላ ነገር ነው።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ ይህን መልስ ደግመህ አንብበው። ወደ አንተ የመጣ «እውነቱን አገኘ»፣ ከአንተ የሄደ «ወላወለ» ከሆነ መለኪያው አንተው ነህ ማለት ነው። በነገራችን ላይ መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ነው ብለው ብዙ የደከሙት ክሎድ ሰምነር ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ካህን ነበሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት አስተምረዋል፤ የጁስቶን ደብዳቤዎችና የሐተታውን አጻጻፍ እያነጻጸሩ የአንድ ሰው ሐሳብ አይደለም ብለዋል። ኮንቲ ሮሲኒን በጣሊያንነታቸው ብቻ ከጣልን ሰምነርን በምን እንቀበላቸዋለን?

የጌታቸው ኃይሌ ነገር ለእኔም ከባድ ነው። እርሳቸው ያዩትን ያህል ብራና አላየሁም። ለምን እንደቀየሩ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ እርግጠኛነቴ ቀንሷል፤ «አደላለሁ» ያልኩትም ለዚህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ብትጠይቁኝ ኖሮ «የጁስቶ ሥራ ነው» ብዬ እቆርጥ ነበር።

ጡረታ የወጣች ነርስ ከወልድያ

እኔ ስለ ግዕዝ መጽሐፍ የምለው የለኝም። የመምህሩ ጥያቄ ግን የእኔም ጥያቄ ስለነበረ እጽፋለሁ።

በገጠር ጤና ጣቢያዎች ረጅም ዘመን አገልግያለሁ። እናቶች እንገሩን ያፈስሱት ነበር፤ ለሕፃኑ ቅቤ ያልሱታል። በወጣትነቴ እቆጣቸው ነበር። አንዲት አያት አንድ ቀን ፊት ለፊቴ «እሺ ልጄ» ብላ ቤቷ ስትገባ እንደ ልማዷ አደረገች። ቆይቼ ስጠይቃት እንገሩ ወፍራምና ቢጫ ስለሆነ የሕፃኑን ሆድ ይቆርጠዋል ብላ ፈርታ እንደነበረ ነገረችኝ። እኔ ስቆጣ የነበረው ለልጅ ልጇ የምትሳሳ ሴት ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ «ለምን?» ብዬ እጠይቅ ጀመር፤ ሰዎችም ይሰሙኝ ጀመር።

ከዚህ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ የተማርነው ለሕፃን ከአራት እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይበቃል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ጤና ድርጅት ምክሩን ለውጦ ስድስት ወር ሙሉ አለ። አራት ወር ስንላት የነበረችውን እናት ሄደን ስድስት ልንላት ሆነ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ምንም እንዳልተለወጠ አድርገው አዲሱን ብቻ መናገር መረጡ። እናቶች ግን አይረሱም፤ «ለመጀመሪያው ልጄ አራት አላችሁኝ» ይላሉ። እኔ «አዎ፣ ያን ጊዜ የምናውቀው ያን ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተሻለ ጥናት መጣ» ማለት ጀመርኩ። እውነቱን ስነግራቸው ይንቁኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንዲት እናት ግን «እንግዲያስ ነገም የምታውቂው ካለ ንገሪኝ» ብላኝ ሄደች።

መምህር፣ እርስዎ ትምህርቱን ጨርሰው መተውዎ እኔ ስለ አራቱ ወር ዝም ብል ኖሮ ከማደርገው አይለይም። ልጁ ጥያቄ ጠየቀ፤ እርስዎ መጀመሪያ ዝም አሰኙት፤ አሁን ደግሞ ጥያቄውን ራሱን ከክፍሉ አወጡት።

የቅኔ ተማሪ የነበረ ከጎንደር

እህታችን እኔ በብዙ ቃል ያልደረስኩበትን ተናገረች። አንድ ቃል ብቻ ልጨምር፣ ስለዚያ ተረት። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚባለው ስለ ቃል ኪዳን ነው። ለሰው የገቡትን ቃል፣ የተዋዋሉትን ነገር፣ የማሉበትን መሐላ ስለመጠበቅ ነው። መጽሐፉን ማን ጻፈው የሚለው ግምታችን ግን ለማንም የማልንበት ውል አይደለም። ስለ እውነታ የያዝነውን ግምት እንደ መሐላ ከቆጠርነው ግን ማረም ሁሉ ክህደት ይሆንብናል። የሕግ ሰው ውልንና ምስክርነትን ይለያል ብዬ አምናለሁ።

የሕግ ባለሙያ ከአዲስ አበባ

ሁለት ቀን ሳልመልስ ቆየሁ። የመጨረሻው ነጥብ ሙያዬን ስለነካ ነው። በችሎት ምስክር «ምንም ብታሳዩኝ ቃሌ ይኸው ነው» ቢል ለቃሉ የምሰጠው ክብደት እንደሚቀንስ አውቃለሁ። ራሴ ግን ከላይ ያንኑ ጽፌያለሁ።

ስለዚህ የመምህሩን ጥያቄ ልመልስ። ጁስቶ ሐተታውን እየሰረዘ፣ እየጨመረ፣ ሐሳቡን በመንገድ ላይ እየለወጠ ያረቀቀበት በእጁ የተጻፈ ረቂቅ ቢገኝ ደራሲው እርሱ መሆኑን እቀበላለሁ። ይህን መጻፍ ከብዶኛል። ዛሬ ግን እንዲህ ያለ ረቂቅ እስካልቀረበ ድረስ ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው የሚለውን እይዛለሁ፤ ስለ ንቀቱ የተናገርኩትንም አልመልስም። ንቀቱ ነበረ፤ ተማሪዎችም ሊሰሙት ይገባል። ክርክሩን ስታስተምሩ እሱንም አስተምሩ። በዚህ መንገድ ከሆነ ተቃውሞዬን አንስቻለሁ።

መምህር ከደብረ ብርሃን

ነርሷ እህቴ ልክ ነሽ። መተዌ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳየው ግን ለሁለተኛ ጊዜ በዚያ ልጅ ፊት መጋፈጥን የሸሸሁበት መንገድ ነው።

በሚቀጥለው ወር ትምህርቱን እመልሰዋለሁ። ለሁለት ክፍለ ጊዜ አስቤዋለሁ። በመጀመሪያው ሐተታውን ብቻ እናነባለን፤ የዋሻውን ክፍልና ሰዎች ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ናቸው የሚለውን። ማን ጻፈው የሚለውን በዚያ ቀን አላነሳም፤ መጀመሪያ ከሐሳቡ ጋር ይተዋወቁ። በሁለተኛው ቅጂዎቹን፣ የአባ ተክለ ሃይማኖትን ምስክርነት፣ ኮንቲ ሮሲኒን ከነዘመናቸው፣ ሰምነርን፣ ጌታቸው ኃይሌን አቀርባለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ የሚያምነውንና ከዚያ የሚያናውጠውን ማስረጃ በወረቀት ጽፎ ይሰጠኛል። የእኔንም ወረቀት በመጨረሻው ሰዓት አነብላቸዋለሁ።

የቅኔ ተማሪ የነበረ ከጎንደር

ልጁስ? እጁን ያወጣው ልጅ?

መምህር ከደብረ ብርሃን

ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ እኔ አላስተምረውም። ትናንት በእረፍት ሰዓት ከክፍሉ በር ላይ ጠበቅኩት። «አምና የጠየቅኸኝ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ የመለስኩልህ መልስ ግን ትክክል አልነበረም» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ካየኝ በኋላ «እና ማን ጻፈው?» አለኝ። «ኢትዮጵያዊ ይመስለኛል፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም» አልኩት። ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ መጥቶ መከታተል ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ ጠይቄለታለሁ።