የልብ ሕመም አለብኝ፤ የአካል ጉዳተኞች የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ ላውጣ ወይስ ይቅርብኝ?

ጠያቂ፦

እንደምን ሰነበታችሁ? በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምኖር የ46 ዓመት ሴት ነኝ። በልጅነቴ ደጋግሞ ያመመኝ ቶንሲል በወቅቱ ባለመታከሙ ያስከተለብኝ የሩማቲክ ትኩሳት አንዱን የልቤን ቫልቭ አጥብቦት፣ ለዓመታት በመድኃኒት ስኖር ቆይቻለሁ። በቅርቡ የልብ ሐኪሜ የአካል ጉዳተኞች የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ፣ እዚህ ሁላችንም «ሃንዲካፕ» የምንለውን ማለቴ ነው፣ እንዳወጣ መክራኝ ቅጹንም ልትፈርምልኝ ፈቃደኛ መሆኗን ብትነግረኝ፣ «ላስብበት» ብዬ ወጣሁ።

ላስብበት ያልኩት ሕመሙ ስለቀለለኝ አይደለም። ከመኪናዬ እስከ ገበያው በር ስሄድ በመንገዴ የቆሙትን መኪኖች የመቁጠር ልማድ አለኝ፤ ደህና በሆንኩ ቀን ሳላርፍ እደርሳለሁ፣ ሲብስብኝ ግን አሥራ አንደኛው መኪና ላይ ትንፋሼ ይቆራረጥና ስልክ የማይ መስዬ እቆማለሁ። ባለ 25 ፓውንዱን የጤፍ ዱቄት መግዛት ከተውኩ ሰነበትኩ። ሆኖም ከሩቅ ለሚያየኝ ሰው ምንም አልሆንኩም፤ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ቦታ የምቀማ እየመሰለኝም ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ምልክቱን ሰቅዬ ስወርድ ደግሞ፣ «ምን ሆና ነው?» የሚለው ጥያቄ ከቅዳሴ በኋላ የት የት እንደሚደርስ ታውቁታላችሁ። በየቀኑ ለማያስፈልገኝ ነገር ፈቃድ ማውጣት ተገቢ ነውን?

መልስ 1፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ። በልብ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሕጉ የሚመለከተው መልክዎን ሳይሆን እርምጃዎን ነው። የፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ትርጓሜ መሠረት፣ ለእረፍት ሳይቆም 200 ጫማ፣ ማለትም 60 ሜትር ያህል፣ መራመድ የማይችል ሰው ፈቃዱ ይገባዋል፤ በአሜሪካ የልብ ማኅበር መለኪያ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ የልብ ሕመምም ለብቻው በቂ ምክንያት ነው። ሦስተኛ ደረጃ የሚባለው ቁጭ ሲሉ የማያስቸግር፣ ነገር ግን ከተለመደው ባነሰ እንቅስቃሴ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመም ነው። ጎን ለጎን የቆሙ መኪኖች እያንዳንዳቸው ዘጠኝ ጫማ ያህል ይይዛሉ ብንል፣ የእርስዎ አሥራ አንደኛ መኪና 100 ጫማ እንኳ አይሞላም።

በቨርጂኒያ ቅጹ «ሜድ 10» ይባላል፤ ከፊሉን እርስዎ፣ የሕክምናውን ክፍል ሐኪምዎ ሞልታችሁ ለግዛቱ የተሽከርካሪ ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ዲኤምቪ) ይቀርባል። ክፍያው 5 ዶላር ሲሆን፣ ቋሚው ፕላካርድ፣ ማለትም በመኪናው መስታወት ላይ የሚንጠለጠለው ምልክት፣ ለ5 ዓመት ያገለግላል። በሌሎች ግዛቶችም ይከበራል፤ ሜሪላንድ ዘመድ ለመጠየቅ ሲሄዱ ሌላ አያስፈልግዎትም።

መልስ 2፦

የሳንባ ሕመም ስላለብኝ ፕላካርድ ካወጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የማላውቃቸው አዛውንት መስኮቴን አንኳኩተው፣ በዚህ ዕድሜዬ እዚያ ቦታ መቆሜ ነውር መሆኑን ነገሩኝ። መልስ ለመስጠት ትንፋሽ እስክሰበስብ ድረስ እርሳቸው ራሳቸው ገባቸውና ይቅርታ ጠይቀውኝ ሄዱ።

ስለ ዊልቸር ተጠቃሚዎች ያነሡት ሐሳብ ግን ተገቢ ነው። እነርሱ ከሁሉ በላይ የሚቸገሩት የመኪናውን መወጣጫ የሚዘረጉበት ሰፊ ቦታ ሲያጡ ስለሆነ፣ «ቫን» የሚል ምልክት ያለበትን ቦታ፣ ሌላ ክፍት እስካለ ድረስ፣ ለእነርሱ እተወዋለሁ። በሰያፍ መስመር የተቀባው ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ ፕላካርድ ያለውም ሰው ቢሆን መቆም አይፈቀድለትም። የቤተ ክርስቲያኑን ነገር በተመለከተ፣ በቅዳሴ ሰዓት መቋሚያ ተደግፎ የሚቆመውን ሰው «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም፤ የእርስዎም መደገፊያ በመስታወት ላይ የሚንጠለጠል መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

መልስ 3፦

እኔ በጥቂቱ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ፈቃዱን ያውጡ፤ ነገር ግን በደህና ቀንዎ ራቅ አድርገው ያቁሙ። እኔ እግሬን ታምሜ ካወጣሁት በኋላ በየቀኑ በር ሥር ማቆም ስለለመድኩ ሐኪሜ ያዘዘልኝን እርምጃ እስከመርሳት ደርሼ ነበር። ምን ያህል መራመድ እንዳለብዎት ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት።

ሌላው፣ ፈቃዱ የተሰጠው ለእርስዎ እንጂ ለመኪናው አይደለም። ልጄ እኔ ሳልኖር ተጠቅሞበት ተቀጥቶ ስለመጣ በደንብ አውቀዋለሁ፤ በቨርጂኒያ ሕግ ያለ ፈቃድ በእነዚያ ቦታዎች ማቆም ከ100 እስከ 500 ዶላር ያስቀጣል። ሲነዱም ከመስታወቱ ላይ ያውርዱት፣ እይታ ይከልላል። ወደ አጎራባቹ አርሊንግተን ሲሄዱ ደግሞ ፕላካርድ ያለውም ሰው የመኪና ማቆሚያ ሜትሩን ሂሳብ እንደሚከፍል አይርሱ።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መኪኖቹን ስቆጥር ኖሬ በጫማ ማባዛት እንዴት እንዳልታሰበኝ ይገርማል። ሐሙስ ቀጠሮ ስላለኝ የእኔን ክፍል ሞልቼ ቅጹን ከመድኃኒቶቼ ዝርዝር ጋር ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። መኪናዬን አልፎ አልፎ የሚወስደው ልጄም የመልስ 3ን ጽሑፍ እንዲያነበው አድርጌያለሁ፤ ፕላካርዱ ሲመጣ ከመኪናው ሳይሆን ከእኔ ቦርሳ ጋር እንደሚያድር ተስማምተናል።