ሞተሩን ራሴ አድሼ አስነሳሁት፤ የዘይት ግፊቱ ግን ዜሮ ነው። እርዱኝ!

የአሌክሳንድሪያው (ጠያቂ)
ወገኖች፣ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፈው። እጄ በዘይት ስለተጨማለቀ የፊደል ስህተት ካለ ይቅርታ። ማዝዳ ሚያታዬን አምስት ወር ስሠራት ቆይቼ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አስነሳኋት። ተነሳች! ልጆቹ አጨበጨቡ። የዘይት ጌጁን ሳየው ግን መርፌው ንቅንቅ አላለም። 20 ሰከንድ ያህል ጠብቄ አጠፋሁ። ከታች በኩል ቋ፣ ቋ የሚል ነገር ሰምቻለሁ። ወይም የሰማሁ መስሎኛል። ዘይቱ ልክ ነው፣ ፊልትሮው አዲስ ነው። ጋራዡ የጓደኛዬ ነው፣ እሁድ ማታ ማስረከብ አለብኝ። ምን ላድርግ?

ካንዴላ
እንኳን ደስ ያለህ፣ ተነስታለች። ዘይት ቅንጦት ነው።

ዳላስ_12
ሚያታ ከሆነ በሽታው የታወቀ ነው። የክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) አፍንጫ ነው። የፊቱ ፑሊ ሲላላ የቁልፉን ቦታ ይበላዋል። እሱን እይ።

ጋሽ ኮፓ
ልጄ፣ መጀመሪያ የመኪናውን ቁልፍ አውጥተህ ኪስህ ክተት። አሁኑኑ። ግፊት የሌለው ሞተር «እስቲ አንዴ ልሞክረው» አይባልም።

አሁን ስማኝ። ሰው ሁሉ ግፊት የሚፈጥረው የዘይት ፖምፓው ይመስለዋል። ፖምፓው ዘይት ይገፋል እንጂ ግፊት የሚመጣው መንገዱ ስለጠበበ ነው። የቧንቧ ጫፍ በአውራ ጣትህ ስትይዝ ውኃው እንደሚፈናጠረው ማለት ነው። ጣትህን ካነሳህ ውኃው ይፈሳል እንጂ አይፈናጠርም። ሞተር ውስጥ ጣቱ ብሮንዚኑ ነው፤ ክራንክሻፍቱ የሚዞርበት ስስ የብረት ሽፋን። ስለዚህ ጉዳዩ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ፖምፓው ዘይት አልሳበም፣ ወይ መንገዱ ሰፍቷል። ድሮ እኛ ስንማር ጌጅ የሚባል ነገር ሳይኖር በጆሮ ነበር የምናውቀው። የዛሬ ልጆች ቪዲዮ አይታችሁ ሞተር ታወርዳላችሁ፤ መልካም ነው፤ ግን ቪዲዮው አይሰማላችሁም።

የአሌክሳንድሪያው
ቁልፉን አውጥቻለሁ ጋሼ።

ሳምሪ ሲልቨር ስፕሪንግ
የስንት ዓመት መኪና ናት? ዋናውን ነገር አልጻፍክም። እስከ 1994 ያሉት ጌጃቸው እውነተኛ ነው። ከ1995 ጀምሮ ማዝዳ ጌጁን የውሸት አደረገው፤ ትንሽ ግፊት ካለ መርፌው መሃል ላይ ይቆማል፣ ከሌለ ዜሮ ነው። የአንተው ከየትኛው ነው?

የአሌክሳንድሪያው
ይቅርታ፣ 1993። 1.6 ሞተር። አሮጌው ባለቤት ዘይት ሳይኖራት ነድቷት ቢዬላ (ፒስተንን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) እያንኳኳች ነው በርካሽ የገዛኋት።

ሳምሪ ሲልቨር ስፕሪንግ
እንግዲያው ጌጅህን እመነው። ግን ሴንሰሩ አሮጌ ነው፣ እሱም ሊዋሽ ይችላል። አንድ ጥያቄ፦ ሞተሩን ከገጠምክ በኋላ ሳይነሳ ምን ያህል ጊዜ ቆየ? ፖምፓውን ስትገጥም ውስጡን ቫዝሊን ሞልተኸዋል?

ካንዴላ
ቫዝሊን?? ለተረከዝ የሚቀባው?

ሳምሪ ሲልቨር ስፕሪንግ
አዎ፣ እሱኑ። የፖምፓው ጥርሶች ደረቅ ከሆኑ አየር ነው የሚያዞሩት፣ ዘይት መሳብ አይችሉም። ቫዝሊን ሲሞላ አየሩን ይዘጋዋል፣ በኋላ ሞቆ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የድሮ ዘዴ ነው።

የአሌክሳንድሪያው
አልሞላሁም። በስብስባ ጊዜ የሚቀባውን ቅባት ብቻ ነው የቀባሁት። ከዚያ ወደ ሁለት ወር ቆሟል። አካውንቴ ባዶ ስለነበር።

ሳምሪ ሲልቨር ስፕሪንግ
ይኸው። አሁን አትክፈተው፣ መጀመሪያ ይህን አድርግ። አራቱንም ካንዴላ ፍታ። ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) በስተኋላ ያለውን የካም አንግል ሴንሰር ሶኬት ንቀል፤ እሳትም ቤንዚንም ይቆማል። ፊልትሮውን ፍታና ውስጡን እይ። ደረቅ ከሆነ ፖምፓው አልሳበም። ዘይት ሞልተህ መልሰህ እሰረው። እጅህ ይላጣል፤ ማዝዳ ፊልትሮውን ከኢንቴክ ማኒፎልዱ ሥር የደበቀው ለሰው እጅ አስቦ አይደለም። ከዚያ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብቻ 15 ሰከንድ አዙር፣ ሞተሪኖው ይብረድ፣ ድገም። ካንዴላ ስለሌለ ቢዬላዎቹ ላይ ጭነት የለም፣ አትፍራ።

ዳላስ_12
የክራንክሻፍቱን አፍንጫ አይተኸዋል?

ሳምሪ ሲልቨር ስፕሪንግ
ወንድሜ፣ እሱ የ1990 እና የ1991 መጀመሪያ መኪኖች ጉዳይ ነው። የእሱ 1993 ናት። ደግሞ ከዘይት ግፊት ጋር ምን አገናኘው?

ፍራንክፈርት_7
ሚያታ እኮ ተራ መኪና አይደለችም። በየካቲት 1989 ቺካጎ አውቶ ሾው ላይ ስትቀርብ ሁለት መቀመጫ ያለው ክፍት የስፖርት መኪና ሞቷል ተብሎ ነበር። የእንግሊዞቹ መኪኖች ዘይት ያንጠባጥቡ ነበር፣ ጃፓኖቹ ያንኑ ሐሳብ ወስደው የማያንጠባጥብ ሠሩ። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ሂሮሺማ ተመርታለች። ጠብቃት።

ካንዴላ
ጠብቋታል እኮ፣ አምስት ወር።

ዶማ
እኔ የማይገባኝ ግን ለምን ታድሳታለህ? ከ1994 እስከ 1997 ያለውን 1.8 ሞተር ከአሮጌ መኪና አውጥተህ ብትከታት በዚያው ማሰሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ጉልበትም ይጨምራል። ለሪትፊካው (የተበላ ብረት ቆርጦ ለሚያስተካክለው ቤት)፣ ለብሮንዚኑ፣ ለፋሻው፣ ለጓርኒሲዮኑ ያወጣኸውን ደምረው። ካምሪ ትገዛበት ነበር።

የአሌክሳንድሪያው
ካምሪ አለኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እሷን ነው የምነዳው፣ ሥራዬ ኡበር ነው። ይህቺ የእኔ ናት።

ካንዴላ
ዶማ ተቆፈረ።

የአሌክሳንድሪያው
ሳምሪ፣ ፊልትሮውን ፈታሁት። ደረቅ! አንድ ጠብታ የለውም። ሞልቼ አሰርኩ። አራት ጊዜ 15፣ 15 ሰከንድ አዞርኩ። በአራተኛው መርፌው ተነሳ! ሚስቴን ሁሉ ጠራኋት። ካንዴላዎቹን መልሼ ልገጥም ነው።

ጋሽ ኮፓ
ቆይ። አትቸኩል።

የአሌክሳንድሪያው
አስነሳሁት ጋሼ፣ መልእክትዎን ዘግይቼ አየሁት። መርፌው ጣት ያህል ከፍ አለ፣ ከዚያ ወረደ። ዜሮ አይደለም፣ ግን ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው። ቋ ቋውም አለ። አሁን እርግጠኛ ነኝ። አጠፋሁት።

ሳምሪ ሲልቨር ስፕሪንግ
ምናልባት ድምፁ የላይኞቹ ሃይድሮሊክ ታፔቶች (ቫልቮቹን የሚገፉት) ይሆናል። 1.6ቱ ላይ ሲቆም አየር ገብቶባቸው ታክ ታክ ማለታቸው የተለመደ ነው። ግን ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ መርፌው ሽቅብ መውጣት ነበረበት። ስለ ግፊቱ ለማረጋገጥ ሜካኒካል ጌጅ በሴንሰሩ ቦታ እሰር። ተጠንቀቅ፣ የዚያ ቀዳዳ ጥርስ ቢኤስፒቲ (የእንግሊዝ ልክ) ነው። አሜሪካ ሱቅ የሚሰጡህ ኤንፒቲ (የአሜሪካ ልክ) ነው። ይገባል ይመስላል፣ ከዚያ ይበላዋል።

ጋሽ ኮፓ
ታክ ታክ አላለም፣ ቋ ቋ ነው ያለው። ከላይ ሳይሆን ከታች ነው ያለው። ልጁ በጆሮው ሰምቷል፣ እመኑት።

ልጄ፣ ንገረኝ። ኮሎዶካውን ሪትፊካ ቤት ሰጥተሃል አይደል? ምን አደረጉት?

የአሌክሳንድሪያው
ኮሎዶካ ክራንክሻፍቱ ነው? አዎ፣ ሰጥቻለሁ። አጸዱት፣ አለሰለሱት። እንደ መስታወት ነበር ሲመጣ።

ጋሽ ኮፓ
ደረሰኙ ላይ ምን ይላል?

የአሌክሳንድሪያው
ቆይ ልፈልገው... «ሜይን፣ ፖሊሽ። ሮድ፣ 0.010» ይላል። 0.010 የዕቃ ቁጥር መስሎኝ ነበር።

ሳምሪ ሲልቨር ስፕሪንግ
ውይ።

ጋሽ ኮፓ
የዕቃ ቁጥር አይደለም። ኢንች ነው። በሚሊሜትር 0.25። ኮሎዶካው ላይ ቢዬላዎቹ የሚታሰሩበትን አንገት በዚያ ልክ ቆርጠውልሃል፤ የተበላውን ለማስተካከል። ጥሩ ሠርተዋል፣ ጽፈውልሃልም። ብሮንዚኑን መቼ ገዛህ?

የአሌክሳንድሪያው
ከሪትፊካው በፊት። ቅናሽ ስለነበር።

ጋሽ ኮፓ
ስታስር ክፍተቱን በፕላስቲጌጅ (በመለኪያው የፕላስቲክ ክር) ለክተሃል?

የአሌክሳንድሪያው
አልለካሁም። አዲስ በአዲስ ላይ ስለሆነ ልክ ነው ብዬ። ቢዬላዎቹ ሳስራቸው በእጄ ስነቀንቃቸው ትንሽ ይወላወሉ ነበር፤ ዘይት ስለሌለው ነው ብዬ ተውኩት።

ጋሽ ኮፓ
አንገቱ 45 ሚሊሜትር ነው። የክፍተቱ የተለመደ ልክ ከሺህ አንድ ነው፤ 0.045 ገደማ በለው። የአንተ ብሮንዚን ያልተቆረጠ ኮሎ (አንገት) የሚገባበት ከሆነ በዚያ ላይ 0.25 ተጨምሯል። ከስድስት እጥፍ በላይ። ጣትህን ከቧንቧው አነሳኸው ማለት ነው። ዘይቱ ይፈሳል፣ ቢዬላው ይዘላል። ሳጥኑን ፈልግ። ሳጥኑ ከሌለ የብሮንዚኑ ጀርባ ላይ ተጽፏል። 025 ካለ እኔ ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

ዶማ
1.8 አላልኩም?

የአሌክሳንድሪያው
ሳጥኑ ቤት ነው። ሚስቴ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። «ኤስቲዲ» ይላል።

ካንዴላ
ስታንዳርድ። እኔ እንኳን አልቀልድም አሁን።

ሳምሪ ሲልቨር ስፕሪንግ
አይዞህ። በጠቅላላው አንድ ደቂቃ እንኳን አልሠራም፣ ኮሎው ሳይጫር ሊሆን ይችላል። የ0.25 ብሮንዚን ታገኛለህ። ችግሩ ኮፓውን (ከታች ያለውን የዘይት ገንዳ) ማውጣቱ ነው፤ ሚያታ ላይ ሞተሩ ሳይወርድ ከፊት ያለውን ሳብፍሬም (ሞተሩን የሚሸከመውን ብረት) ዝቅ ማድረግ አለብህ። ሞተሩን አንዴ ያወረድክ ሰው ስለሆንክ ማውረዱ ይሻልሃል። ፖምፓውንም ያን ጊዜ ቫዝሊን ትሞላዋለህ። ዘይቱን ደግሞ ስታፈስ በነጭ ጨርቅ አጣራው፤ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ ፎቶ ላክልን። ቅዳሜ እረፍት ነኝ፣ ክሬን አለኝ፣ ከፈለግክ እመጣለሁ።

ጋሽ ኮፓ
ፕላስቲጌጅ ይዘሽ ሂጂ። እንዳይረሳ።

ዳላስ_12
ሞተሩን ካወረዳችሁት አይቀር የክራንክሻፍቱን አፍንጫ እዩት።

ካንዴላ
እሁድ አለፈ እኮ። አሌክሳንድሪያ፣ ጨርቁ ምን አሳየ?

ሳምሪ ሲልቨር ስፕሪንግ
ቅዳሜ ደውዬለት ነበር፣ አላነሳም።

ቬጋስ ልጅ
ሰላም፣ መኪናዋ ለሽያጭ ናት?