ክርክር፦ ቤንዚን ሲንር ዋጋው ይደጎም ወይስ ገንዘቡ ለቤተሰብ በእጁ ይሰጥ?

አድሚን፦ ትናንት ማታ የጀመራችኋት ጭቅጭቅ ሃያ ቦታ ተበታትናለች፣ እዚህ ጨርሷት። ጥያቄው ይሄ ነው፣ የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር መንግስት ከካዝና እየከፈለ ዋጋውን ይያዝ ወይስ ዋጋውን ለቆ ገንዘቡን ለቤተሰብ ይስጥ? ስድብ የለም። የፓርቲ ወሬም አታምጡብን።

ሒሳብ ወዳድ፦ እኔ ድጎማው ይቅር ባይ ነኝ። ድጎማ የሚሰጠው በሊትር ነው፣ በሊትር ከሆነ ደሞ ብዙ የሚቀዳ ብዙ ይደጎማል ማለት ነው። ሁለት ትልልቅ መኪና ያለው ሰውዬ ፉል ባስሞላ ቁጥር መንግስት አብሮት ይከፍላል፣ በአውቶብስ የምትሄደዋ ግን የሚደርሳት ፍርፋሪ ነው። ይሄን ድሀን መርዳት ነው ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

የደብተሯ እናት፦ መጣሁልህ 😂 እኔ መኪና የለኝም ግን የወር ወጪ የምፅፍበት ደብተር አለኝ። ቤንዚን ሲጨምር ከደብተሬ የሚሰረዘው ትራንስፖርት እንዳይመስልህ፣ እሱማ አይነካም ስራ መግባት አለብኛ። የሚሰረዘው ከታች ያለው ነው፣ የልጄ አስጠኚ፣ ጫማ፣ የጥርስ ቀጠሮ። "ጥርስ" የሚለውን ሰርዤ በቀስት ወደሚቀጥለው ወር አሳለፍኩት፣ ከዛ እንደገና ወደሚቀጥለው፣ አሁን ቀስቱ ሶስተኛ ገፅ ላይ ደርሷል ጥርሱ ግን እዛው ነው። እና መኪና ስለሌለሽ አይመለከትሽም አትበለኝ።

ሹፌሩ፦ እሷ ልክ ናት። ማደያው ዛሬ ሲጨምር ታሪፍ ዛሬ አይጨምርም፣ መሀል ላይ ያለችውን ጊዜ የምከፍላት እኔ ነኝ። ድሮ ፉል ነበር የምቀዳው፣ አሁን ሪዘርቭ መብራቷ እንደበራች ነው የምውለው፣ ለአንድ ምልልስ የሚበቃኝን እቀዳና ተሳፋሪ ሰብስቤ ደሞ ተመልሼ እቀዳለሁ። በዛ ላይ ሲጨምር ባንዴ ነው፣ ሲቀንስ ግን ይጎተታል።

ሒሳብ ወዳድ፦ ሹፌሬ ላልካት ነገር ኢኮኖሚስቶች ራሳቸው ስም አላቸው፣ "ሮኬትና ላባ" ይሏታል፣ እንደ ሮኬት ወጥቶ እንደ ላባ ይወርዳል። ብዙ አገር ተጠንቷል፣ አንተ የፈጠርከው አይደለም።

አዲስ ገቢ፦ እኔ የማይገባኝ እ.ኤ.አ ኤፕሪል 20 ቀን 2020 የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ከዜሮ በታች ወርዶ በርሜሉ ከ37 ዶላር በላይ ኔጌቲቭ ገብቶ ነበር አይደል? ታዲያ ያኔ ቤንዚን ለምን በነፃ አልተቀዳም?

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ዜሮ የገባው ለቀጣዩ ወር ርክክብ የነበረው ውል ነው፣ በኮቪድ ምክንያት ነዳጅ ፈላጊ ቀንሶ ማጠራቀሚያ ቦታ ጠፍቶ። ማደያ ላይ የምትከፍለው ደሞ ድፍድፉን ብቻ አይደለም፣ ማጣሪያ አለ፣ ማጓጓዣ አለ፣ ግብር አለ፣ እነሱ ዜሮ አይገቡም። እኔ የእ.ኤ.አ 1973ቱን አስታውሳለሁ፣ የአረብ አገሮች ማእቀብ ጥለው በርሜሉ ከ3 ዶላር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ወራት ወደ 12 ገደማ ገባ። ያኔም ክርክሩ ይሄው ነበር።

የደብተሯ እናት፦ ሒሳብ ወዳድ፣ ድጎማ ይነሳ ስትል ናይጄሪያን አየሃት? እ.ኤ.አ ሜይ 29 ቀን 2023 ፕሬዝዳንቱ ቃለ መሀላ በፈፀሙበት ቀን ድጎማው አበቃ አሉ፣ ከ200 ናይራ በታች የነበረው ሊትር በቀናት ውስጥ ከ480 በላይ ገባ። የእርዳታ ገንዘብ የተባለው ግን ከኋላ ነው እየተንፏቀቀ የመጣው። ዋጋው በሮኬት እርዳታው በእግሩ!

ሒሳብ ወዳድ፦ እሱ አፈፃፀም ነው እህቴ፣ ሀሳቡ አይደለም። ኢራን በዲሴምበር 2010 ዋጋ ስትጨምር ለቤተሰቦች ገንዘቡን ቀድማ ነው አካውንታቸው ላይ ያስቀመጠችው፣ ዋጋው በተጨመረ ቀን ማውጣት ይችሉ ነበር።

ጡረተኛው፦ ቀጥሎ ምን እንደሆነስ ለምን አትነግራትም? በየወሩ የሚሰጠው ገንዘብ ባለበት ቆመ፣ የኑሮ ውድነቱ ግን አልቆመም። ከጥቂት አመት በኋላ ያው ገንዘብ የሚገዛው ሌላ ነገር ነበር። ጡረታም እንደዛው ናት፣ እኔን ጠይቀኝ።

ሒሳብ ወዳድ፦ እሺ ጋሼ ይሄን እቀበላለሁ፣ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አብሮ የማያድግ እርዳታ ጥቅም የለውም።

ሹፌሩ፦ ሰዎች አንድ ነገር ረሳችሁ፣ ሁላችሁም ቤንዚን ቤንዚን ትላላችሁ፣ እቃ የሚጭነው ትልቁ መኪና እኮ በናፍታ ነው የሚሄደው። የገበያውን ዋጋ የሚያንረው እሱ ነው፣ ቤንዚን ተይዞ ናፍታ ከተለቀቀ የእህታችን ደብተር ያው ይሰረዛል።

አዲስ ገቢ፦ ጀርመን በ2022 ከጁን እስከ ኦገስት ሁለቱንም ሞክራለች፣ የነዳጅ ግብር ቀነሰች፣ ጎን ለጎን ደሞ ወር ሙሉ በከተማ አውቶብስና በክልል ባቡር የሚያስኬድ የ9 ዩሮ ትኬት አወጣች። ለምን ትኬቱን ብቻ አንደጉምም?

ሹፌሩ፦ አውቶብስ ያለበት ቦታ ይሰራል። አውቶብስ በማይደርስበት ያለውስ? ፈረንሳይ እ.ኤ.አ በ2018 ቢጫ ሰደርያ ለብሶ ለተቃውሞ የወጣው ሰው መነሻው የነዳጅ ግብር ነበር፣ ብዙዎቹ ያለ መኪና ስራ መድረስ የማይችሉ ከከተማ የራቁ ሰዎች ናቸው። መንግስትም ለጃንዋሪ አስቦት የነበረውን የግብር ጭማሪ ተወው።

የደብተሯ እናት፦ እኔ ድርቅ አላልኩም። ገንዘቡ መጀመሪያ ይግባ፣ ሜሴጁን በስልኬ ልየው፣ ከዛ ዋጋ ይጨምሩ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጡት ግን መሀል ያለውን ሶስት ወር ማን ይከፍልልኛል? የልጄ ጥርስ ነው የሚከፍለው።

ሒሳብ ወዳድ፦ በዚህ ተስማማን፣ ገንዘቡ ይቅደም። ከዋጋው ጋር ይደግ የሚለውንም የጋሼን ጨምሩበት። ድጎማ በሊትር ግን አሁንም አይሆንም እላለሁ።

የደብተሯ እናት፦ እኔም እስኪገባልኝ ድረስ ድጎማው አይነሳ እላለሁ 😏

ሹፌሩ፦ ቀጥሉ በሉ፣ እኔ ልተኛ፣ ነገ ሰልፉ ሳይበዛ በሌሊት ወጥቼ ልቀዳ።